አንዱአምላክን ዓይን አልበላውም

ኮኪት፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለማስተዋል አንዱአምላክ፣ ካለሽበት ካይሮ ይድረስሽ።

በሰው አገር ከሚያገኝ ክፉ ሁሉ የአባትሽ አምላክ ይሰውርሽ። የምታስታምሚያት ሱዳናዊት እናት፣ ሲት ኢሕሳን፣ ካርቱም ሲነድ አንቺን ጥላ ያልሸሸች ሴት ናትና ለእሷም ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ አጎትሽ ደረበ በሕይወት አለሁ። ስልኩ ኔትወርክ ካጣ ወር አልፎታል፤ ስለዚህ በወረቀት ጻፍሁ። ሹፌሩ ሳጂድ ጎንደር ሲደርስ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል፤ ያንቺንም መልስ በዚያው መንገድ አሳትሞ ያመጣልኛል።

ደረቴ ከተከፈተ ዛሬ ሦስት ወሩ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች የደረቴን አጥንት በመጋዝ ለሁለት ከፍለው፣ ከግራ እግሬ የደም ሥር መዝዘው፣ በተደፈነው ፋንታ ልቤ ላይ ሦስት ቦታ ቀጠሉልኝ። ከዚያ አጥንቱን በሽቦ ገጥመው ሰፉኝ። ስወጣ የነገሩኝ ብዙ አልነበረም። ሲያስልህ ትራስ ደረትህ ላይ እቀፍ፤ አጥንቱ እስኪገጥም ከአምስት ኪሎ በላይ አታንሣ፤ በየቀኑ በእግርህ ሂድ፤ ቅቤና ጮማ ይቅርብህ፤ ይህችን የኮሌስትሮል ክኒን ማታ ማታ ሳትዘነጋ ዋጥ አሉኝ። እኔ ሁሉንም ሰምቼ መጣሁ። ያልሰማው ዘመዴ ነው።

ልጄ፣ ንዴቴን ለማን ልንገር። ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቅቤ ይዞ ይገባል። «ደረቱ የተሰነጠቀ ሰው ቅቤ ካልጠጣ በምን ይጠገናል» እያሉ አቅልጠው በብርጭቆ አፌ ሥር ያቀርቡልኛል። አንዷ ዘመዳችን የበግ ላት ጠብሳ ከጭልጋ ድረስ ተሸክማ መጣች። እምቢ ስላት ተነሥታ ሄደች፤ «ደረበ አዲስ አበባን አይቶ መጣና እጃችንን ተጸየፈ» ስትል መንደሩ ሁሉ ሰማ። ባለቤቴ ካሰች እንኳ ወጡ ውስጥ ደብቃ ትጨምርልኛለች። ሳውቅባት ታለቅሳለች። ብበላ ሐኪሙን ከዳሁ፣ ባልበላ ዘመዴን። የታመምሁት ልቤን ነው እንጂ አእምሮዬን አይደለም፤ ይህን ግን የሚያምነኝ ሰው አጣሁ።

ታናሽ ወንድሜ ፈረደ አጨዳውን ብቻውን ይዞታል። ከደጋ የወረደውን የቀን ሠራተኛ፣ ሳሉጉን፣ ሲቀጥር አይጠይቀኝም። ትራክተሬን እየነዳ በደጄ ሲያልፍ፣ መቃብር እንደሚሳለም ሰው እጁን ያነሣልኛል።

ሌላም ነገር አለ። ያቺ ሸክላ ሠሪዋ ውባንች አምና ከክረምት በፊት ከቋራ፣ ከገለጉ፣ ተመልሳ መጥታለች። አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ ታስታውሻት እንደሁ አላውቅም። ከሰሊጥ መጋዘኖቹ አጠገብ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። ፈረደ «አንዱአምላክን በዓይኗ የበላች እሷ ናት፤ ያንተንም ልብ ጀምራው ነው ሐኪም ያስጣለህ» ይላል። አጨዳው ሲያልቅ ሰው ሰብስቦ ዳግመኛ ሊያስወጣት ነው። እኔ ምንም አላልሁም።

የኮሌስትሮሉ ክኒን ከዚህ ጠፍቷል። ካለሽበት የሚገኝ ከሆነ ላኪልኝ። ሌላ የምጠይቅሽ የለኝም።

ካሰች ጉንጭሽን ስማሻለች።

አጎትሽ ደረበ


ካይሮ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ደረበ፣ አባቴ ከሞተ በኋላ አባት ለሆኑኝ፤

ከሞት አፋፍ የመለሰልኝ አምላክ ይመስገን። ጽሕፈትዎን ሳየው መስመሩ እንደ ድሮው ቀጥ ብሏል። ያን ጊዜ ነው የተነፈስሁት። እትዬ ካሰችን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ።

የስድስት ወር ክኒን አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ልኬያለሁ፤ ከዚያ ለሳጂድ ያደርሱለታል።

ሲት ኢሕሳን ካርቱም ሳለች እንደ እርስዎ ደረቷን ተከፍታ ነበር። ይህ ከሆነ ስምንት ዓመት አለፈው። ደብዳቤዎን ወደ ዓረብኛ እየመለስሁ ሳነብላት፣ ቅቤው ላይ ስንደርስ አስቆመችኝ። «ልጄ፣ እኔንም የአክስቴ ልጆች እንዲሁ አድርገውኛል። የመጣውን ቅቤ ሁሉ ተቀብዬ ፀጉሬን ተቀባሁበት። አንድም ሰው አልተቀየመኝም» አለች። እርስዎ ራስዎ ላይ ፀጉር የለዎትም እንጂ ጥሩ ዘዴ ነበር።

እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ተናደድሁ። ልብዎን የደፈነውን ነገር በብርጭቆ መልሰው እየሰጡዎ፣ አልጠጣም ሲሉ ደግሞ ይቀየማሉ። የሚቀየም ይቀየም። ለእትዬ ካሰችም ልቅሷቸውን አይተው ዝም አይበሉ፤ «ቅቤ የጨመርሽ ቀን ክኒኔን እንደደበቅሽብኝ ነው» ይበሏቸው።

አሁን የምጽፈውን ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። ባለፈው ወር ሲት ኢሕሳንን ለምርመራ ስወስዳት፣ የልብ ሐኪሟ እሷን ትቶ የእኔን ዓይን ያይ ጀመር። በዓይኔ ቆብ ላይ ሁለት ቢጫ ነጠብጣቦች አሉ፤ የድካም መስለውኝ ነበር።

«ከቤተሰብሽ በድንገት የሞተ ሰው አለ?» አለኝ።

«አባቴ» አልሁት።

«በስንት ዓመቱ?»

«በአርባ አንድ። ሰሊጥ ሲያጭድ ወድቆ።»

ሌላ ሳይናገር ደም እንዲቀዱኝ አዘዘ። ውጤቱ ሲመጣ ኮሌስትሮሌ ሊሆን ከሚገባው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። እኔ አርባ ስምንት ኪሎ ነኝ አያ። ጮማ ከቀመስሁ ዓመት አልፎኛል። ሐኪሙ «ይህ ከምግብ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከወላጅ በደም የሚወርድ ነው። የአባትሽ ወንድሞችም ልጆቻቸውም መመርመር አለባቸው» አለኝ። አጎቴ ደረቱን እንደተከፈተ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ አልገረመውም።

አባቴ በዓይኑ ቆብ ላይ እንዲሁ ቢጫ ነገር ነበረው። ጭኑ ላይ ተቀምጬ በጣቴ እየዳሰስሁ እጫወትበት ነበር። ትልልቆቹ «የሰው ዓይን ያረፈበት ምልክት ነው» ሲሉ እሰማ ነበር።

የአዲስ አበባ ሐኪሞችም ይህንኑ ጥያቄ ሳይጠይቁዎት አይቀሩም። እርስዎ ስለ አባቴ ምን ብለው መለሱላቸው?

ውባንችንም አስታውሳታለሁ። ፈረደ እጁን ከእሷ ላይ ይሰብስብ።

ሙሉ ጤና ይስጥልኝ፤

ማስተዋል


ኮኪት፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማስተዋል፤

ጤና ይስጥሽ። ክኒኑ ደርሶኛል፤ እጅሽ ይባረክ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ያሳደግሁሽ እኔ ልናገር።

ሐኪም ፊት ምን እንዳልሁ መጠየቅ ያንቺ ወግ አይደለም። ሰው በገዛ ቤቱ ያሳደጋት ልጅ መርማሪ ሆና አትመጣበትም። ወንድሜን የቀበርሁት እኔ ነኝ። አፈሩን በእጄ ያለበስሁት እኔ ነኝ። አንቺ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ነበርሽ፤ ስለዚያ ቀን የምታውቂው የለም። ካይሮ ተቀምጦ የዓይንሽን ቆብ ያየ ሐኪም የኮኪትን መቃብር ሊያነብልሽ አይችልም።

ክኒኑን ለሁለት ሳምንት ዋጥሁት። ጭኔንና ባቴን ይቆረጣጥመኝ ጀመር፤ ተውሁት። ለነገሩ ድኛለሁ። ጠዋት ጠዋት እስከ ወንዙ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ። ሳሉም ለቆኛል። የዳነ ሰው መድኃኒት ምን ይሠራለታል?

የውባንች ነገር የመንደሩ ነገር ነው። የመንደሩን ለመንደሩ ተይው።

ደረበ


ካይሮ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ደረበ፤

እንደምን ሰነበቱ። ዛሬ ሰላምታዬ ቢያጥር አይቀየሙኝ፤ ልቤ ሞልቷል።

በመጀመሪያ ስለ ክኒኑ። የጭን ሕመሙን ለሐኪም ነው የሚነግሩት፤ መጠኑን ይቀንሳል ወይም በሌላ ይለውጥልዎታል። በገዛ እጅ አይተውም። የገንዳ ውኃ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፤ ሄደው ያማክሩ። ድኛለሁ ብለዋል። የዳነው የደም ሥርዎ ነው፤ በውስጡ የሚሄደው ደም ያው የድሮው ነው። ዝም ከተባለ አዲስ የተቀጠለውንም ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ደግሞ የሚመዘዝ ሥር ከየት ይመጣል?

ስለዚያ ቀን የምታውቂው የለም ብለዋል። የማውቀውን ልጻፍልዎ።

አባቴ ቀትር ላይ በትራክተር ተጎታች ተጭኖ መጣ። የተኛ መስሎኝ ነበር። እናቴ ፊቷን ስትነጭ፣ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ሲሮጥ፣ እኔ ከአጥሩ ጀርባ ሄጄ ተቀመጥሁ። ማንም አልፈለገኝም። ፈልጋ ያገኘችኝ ውባንች ናት። በገዛ እጇ በሠራችው ዋንጫ ውኃ ይዛ መጥታ «ጠጪ፣ ልቅሶ ውኃ ያስጠማል» አለችኝ። ጠጣሁ። አልሞትሁም።

በሦስተኛው ቀን ወንዶቹ ወደ ጎጆዋ ወጡ። ተከትዬአችሁ ነበር። ፈረደ ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ ለገበያ የደረደረቻቸውን ማሰሮዎች አንድ በአንድ በዱላ ሰባበራቸው። ሌሎቹ የጎጆዋን ምሰሶ ነቀሉ። ከዚያ በፊት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ሽማግሌው ቄስ «ስታየው ያያት አለ?» ብለው ሲጠይቁ ማን እንደተነሣ ረሱት? መስቀሉን ይዘው «እኔ አየኋት፤ እህል ሲቀምስ ዓይኗን ጣለችበት» ያሉት እርስዎ ነዎት። ልጇን አዝላ ወደ ቋራ ስትሄድ ከመንደሩ አንድም ሰው ስንቅ አልሰጣትም። እኔም ዋንጫዋን አስታውሼ ዝም አልሁ። ከዚያ ወዲህ ዝም እንዳልሁ ነው።

አሁን ግን ደሜን በወረቀት ላይ በቁጥር አንብቤዋለሁ። አባቴን የገደለው ነገር በእኔ ውስጥ አለ፤ በእርስዎም ውስጥ ነበረ። ውባንች ካይሮ ድረስ መጥታ አላየችኝም። አንዲት ሴት ያለ ጥፋቷ ከነልጇ በረሃ ስትጣል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁላችን በሰላም ተኛን። ዛሬ ደግሞ ሊደግሙባት ነው፤ እርስዎም «ምንም አላልሁም» ይሉኛል።

አንድ ነገር ይመልሱልኝ። አየኋት ብለው ምለዋል፤ በእውነት አይተዋት ነበር?

ክኒኑ ከእኔ አይቋረጥም፤ አሳድገውኛልና በየጊዜው እልካለሁ። ደብዳቤ ግን ይህን እስኪመልሱልኝ አልጽፍም። ፈረደ ይመርመር። ልጆቹም ይመርመሩ።

ማስተዋል


ኮኪት፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማስተዋል፤

ክፉ አይንካሽ፤ ያለሽበት ምድር ሰላም ይሁንልሽ። መልሴ የዘገየው ሳጂድ ጠፍቶ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድሁት።

ፈረደ ወደቀ። ጥር 14 ቀን ረፋድ ላይ ነው። መጋዘኑ ደጃፍ የሰሊጥ ጆንያ ሲያስጭን «ደረቴን» ብሎ ቁጭ አለ። እኔ የዕለት መንገዴን በእግሬ ስሄድ ጩኸት ሰምቼ ደረስሁ። ላቡ እንደ ውኃ ይወርዳል፤ ግራ ክንዱን ጨብጧል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። አምና በእኔ ላይ የሆነው ሁሉ በእሱ ላይ ሲሆን ቆሜ አየሁት።

ሰዉ ግን ወደ ሐኪም አልተነሣም። ውባንች የምትሸጥበት ቦታ ከመጋዘኑ ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። ሁለት ጎረምሶች በክንዷ እየጎተቱ አመጧት። «ትፊበት፤ ልቀቂው» ይሏታል። ቲማቲሟ መንገዱ ላይ ተበትኖ ሰው ይረግጠዋል። እሷ አትጮህም። ፈረደን አላየችውም፤ የምታየው እኔን ነው።

«ልቀቋት» አልሁ። የሰማኝ የለም። መካከላቸው ገባሁ። አንደኛው በክርኑ ደረቴን ሲገፋኝ ሽቦው የተበጠሰ መስሎኝ ዓይኔ ጨለመብኝ።

«አያ ደረበ፣ ዞር ይበሉ፤ እርስዎ በሽተኛ ነዎት» አለኝ።

«በሽተኛ ስለሆንሁ ነው የማውቀው። ይህ የልብ ሕመም ነው። አንሡና መኪና ላይ ጫኑት።»

«አንዱአምላክን ታዲያ ማን በላው? መስቀል ይዘው የማሉት እርስዎ አይደሉም ወይ?»

«እኔ ነኝ። የማልሁት በሐሰት ነው። አንዱአምላክን ዓይን አልበላውም። እሷን ልቀቁና እሱን ጫኑት፤ ቆማችሁ እያያችሁት ሊሞት ነው።»

ግማሽ ጭነት የያዘ አይሱዙ ቆሞ ነበር፤ ሹፌሩ ማንም ሳያዝዘው ሞተሩን አስነሣ። ከኪሴ የማላጣትን አስፕሪን አስኝኬው፣ ጆንያው ላይ አጋድመነው ገንዳ ውኃ ገባን። ከዚያ በአምቡላንስ ጎንደር ወሰዱት። ተርፏል። ደሙ ሲመረመር ኮሌስትሮሉ ከእኔም ይበልጣል።

አሁን ጥያቄሽን ልመልስ። ውባንች ስታየው አላየሁም። ለአዲስ አበባውም ሐኪም ዋሽቼዋለሁ። «ከወንድሞችህ በድንገት የሞተ አለ?» ሲለኝ «የለም» አልሁት። አለ ብል «በምን ሞተ» ሊለኝ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ፈራሁ።

የሚመጣው ይህ ነው። አባትሽ ያን ዕለት ጠዋት ማጭዱን ሳያነሣ «ደረቴን እየጨመቀኝ ነው፤ ዛሬ ልረፍ» ብሎኝ ነበር። ሰሊጡ ደርቆ ሊረግፍ ደርሷል፤ ከወደ ሱዳንም ደመና አንዣቧል። ታላቁ እኔ ነኝ። «ስንፍና ነው፤ እስከ ቀትር ታገስ» አልሁት። ታገሠ። ቀትር ላይ ነዶውን እንዳቀፈ ወደቀ።

ለቀስተኛው ሁሉ «ምን ነካው?» ይለኝ ነበር። ከመካከል አንዱ «ዓይን ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ በዚህ አልፋለች» አለ። ቃሉን ውኃ እንደሚወስደው ሰው ሁለት እጄን ዘርግቼ ያዝሁት። ጥፋቱ የእኔ ከሚሆን የእሷ ይሁን አልሁ። ይኸው ነው ልጄ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኝም።

ፈረደ ከሞት ከተረፈ በኋላ ውባንች ዘንድ ሄድሁ። የአካባቢው ሰው ከእጇ የበሰለ ነገር ስለማይበላ ጥሬ ብቻ እንደምትሸጥ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። «ይቅር በይኝ» አልኋት። ሽንኩርት መልቀሟን አላቆመችም።

«ስሜን ያጠፋኸው በአደባባይ ነው። ይቅርታህን በጆሮዬ አታንሾካሹክ። የማልህበት ሂድና መሐላህን መልሰው» አለችኝ።

አንተ እያለች ነው የተናገረችኝ። ይገባኛል።

መጋዘኑ ደጃፍ ያልሁትን ሰዉ ሽሮታል። «ሕመም አስቀባጠረው፤ ደረቱን ሲከፍቱት ነገር ነክተውበታል» ይላሉ። ፈረደም እንደነሱው ነው። ያዳነውን ሐኪም አመስግኖ፣ ያዳንሁትን እኔን ግን ቤተሰቡን አዋረድህ ብሎ ዘግቶኛል።

ገንዳ ውኃ ያለው ሐኪም ክኒኑን ቀንሶ አስጀምሮኛል። ጭኔን እምብዛም አያመኝም።

ደረበ


ካይሮ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ደረበ፤

አምላክ ጉልበትዎን ያጽና። ደብዳቤዎን ሲት ኢሕሳን አልጋ አጠገብ ተቀምጬ አነበብሁት። «ምን ይላል?» አለችኝ። አልተረጎምሁላትም። ሳምንት ሙሉ ወረቀት ሳነሣ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር።

«እስከ ቀትር ታገስ።» ይህን ቃል ሳበስል እሰማዋለሁ፣ ስተኛ እሰማዋለሁ። ያን ጠዋት ልረፍ ቢል ኖሮ እያልሁ አስባለሁ፤ ደግሞ ብሎ ነበር። ያሳደገኝን እጅ እወደዋለሁ፤ ልስመው ግን ዛሬ አልችልም። እንዲህ ብዬ ስጽፍልዎ ድፍረት እንዳይመስልዎ፤ የሆነብኝን ነው የምነግርዎ።

ስለ አባቴ ይቅር ማለትን እሞክራለሁ። አያውቁም ነበር፤ እሱም አያውቅም ነበር። በሰሊጥ ወቅት ደረቴን አመመኝ ያለን ወንድም ታገስ ያለ ታላቅ በዚያ ቆላ ስንት እንዳለ እግዜር ይወቀው። የውባንች ግን ሌላ ነው። እሷን ሲከሱ ያውቁ ነበር። ስለ እሷ ይቅር ማለት የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ የጠየቀችዎትን ያድርጉላት። ሕመም አስቀባጠረው የሚሉም ከቅዳሴ በኋላ፣ ቆመው፣ በሙሉ ድምፅ ሲናገሩ ይስሙዎት።

ብቻዎን እንዳይቆሙ ከዚህ በታች ያለውን የእኔ ቃል ነው ብለው ያንብቡላቸው።

«እኔ የአንዱአምላክ ልጅ ነኝ። አባቴ የሞተው በልብ ሕመም ነው። ያው ሕመም በእኔም ደም ተገኝቷል፤ መድኃኒት እወስዳለሁ። አባቴ በሞተ ቀን ሁላችሁም ረስታችሁኝ ሳለ ውኃ ያጠጣችኝ ውባንች ናት። የእሷ ዕዳ ያለበት የእኔ ቤተሰብ ነው።»

ማስተዋል


ኮኪት፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማስተዋል፤

የልደታ በረከት ይድረስሽ። ፋሲካን እንዴት እንዳለፍሽው አላውቅም፤ እኛ በደኅና ውለናል። ካሰች ዶሮውን ያለ ቅቤ ሠርታ «ዘይት ብቻ ነው፤ ድስቱን አሽትት» ብላኛለች።

ግንቦት ልደታ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከዛፉ ሥር ተሰብስቦ ሳለ ተነሣሁ። የያኔው ቄስ ዐርፈዋል፤ በእሳቸው ቦታ ያሉት ወጣት ናቸው። አስቀድሜ ሳማክራቸው «በደስታ ቀን ይህን ማንሣት ጥሩ አይደለም፤ ንስሐህን ለእኔ ብትነግረኝ ይበቃል» ብለውኝ ነበር። «አባ፣ ሐሰቱን የሰማው ሕዝብ ነው፤ እውነቱንም ይስማ» አልኋቸው። መስቀሉን ሰጡኝ።

ከ«አላየኋትም» ጀመርሁ። ታገስ ያልሁትንም ሳልደብቅ ተናገርሁ። ያንቺን ወረቀት አነበብሁ። ድምፄ የተሰበረው እሱ ላይ ነው። ፈረደ በምርኩዝ ቆሞ ነበር።

«ወንድሜን ይቅር በሉት፤ ሕመሙ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ነው» አለ።

ያኔ ሸሚዜን ፈታሁ። ከአንገቴ በታች እስከ ሆዴ የወረደውን ጠባሳ ሁሉም አየ። «እዚህ ውስጥ የገባ የሐኪም እጅ ነው። ያገኘው ስብ ነው፤ ዓይን አላገኘም። ያንተም ቢከፈት ያው ነው» አልሁት። ተንገዳግዶ ወጣ። ሌሎችም ተከተሉት፤ አንዲት አሮጊት ሲያልፉ በስተግራዬ እትፍ አሉ። ከቀሩት መካከል አንድ ሽበታም ሰው ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ «የጎጆዋን ምሰሶ የነቀልሁት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። ሌላ የተናገረ ሰው የለም።

ፈረደ እስከ ዛሬ አያነጋግረኝም። ሚስቱ ግን ከበዓሉ በኋላ ሳትነግረው ልጆቹን ገንዳ ውኃ ወስዳ አስመርምራለች። የዐሥር ዓመቷ ልጅ ደም እንደ እኛው ሆኖ ተገኝቷል። የሐኪም ክትትል ጀምራለች። ያቺ ሕፃን ማንም ስሟን ከሰው ዓይን ጋር ሳያነሣ ታድጋለች።

ውባንች ልደታ ዕለት አልነበረችም። በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያ ከካሰች ጋር ሄድሁ። ምሳዋን ልትበላ ሽሮዋን ከፍታ ነበር። ሰው እያየ እጄን ዘረጋሁ።

«አጉርሽኝ» አልኋት።

እጄን አየችው። ገበያተኛው ሁሉ ቆመ።

«አላጎርስህም። እኔ ሰው መሆኔ እንዲታወቅ አንተ ከእጄ መብላት የለብህም። ልትገዛ ከመጣህ ተራህን ያዝ» አለች።

አንዳንዱ ሳቀ። ፊቴ ቢነድም ሄጄ ከሁለት ሴቶች በኋላ ቆምሁ። እነዚያ ሁለቱ እኔ ከመምጣቴ በፊት ተሰልፈው የነበሩ ናቸው። ተራዬ ሲደርስ ሁለት ኪሎ ቲማቲም መዘነችልኝ፤ አንዱ ጎኑ የላላ ስለነበር አውጥታ በደኅና ለወጠችልኝ። ፌስታሉን ስቀበላት ደረቴን በአገጯ አመለከተች።

«መድኃኒትህን ትውጣለህ?»

«እውጣለሁ።»

«እንዳትተው። እነዚህ ሰዎች ነገ ‹ደረበ እንዲህ አላለም› ይላሉ። ያን ጊዜ ሞተህ አትጠብቀኝ፤ ኖረህ መስክርልኝ።»

ከዚያ ወደ ቀጣዩ ገዢ ዞረች።

እናም ልጄ፣ ማታ ማታ ክኒኔን እውጣለሁ። ከውባንች ሊገዛ ሲሄድ በደጄ ጎራ ብሎ «እውነትህን ነው ወይ?» የሚለኝ አልጠፋም። ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግረዋለሁ።

አጎትሽ ደረበ